«ክብደት ቀንሺና ተመለሺ» ብቻውን ሕክምና አይሆንም፦ ለጤና ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ
የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

እርስዎ ራስዎ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስለሆኑ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም) ምን እንደሆነ ላስረዳዎት አልሞክርም። ደብዳቤውን ሌሎችም ስለሚያነቡት ግን ጥቂት ልበል። ፒሲኦኤስ የሆርሞን መዛባት ነው። የወር አበባ ለወራት ይጠፋል፣ ወይም ሲያሻው ይመጣል። አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ፊት በብጉር ይሞላል፣ የራስ ፀጉር ይሳሳል። እንቁላል በየወሩ ስለማይለቀቅ እርግዝና ይዘገያል። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷ ገደማ አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ካለባቸው ሴቶች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልተመረመሩም።

እኔ ተመርምሬ ካወቁት ነኝ። ብዙዎቻችን ሐኪም ዘንድ ቀርበን የሰማነው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «ክብደት ቀንሺና ተመለሺ።» እንዴት እንደምንቀንስ፣ ስንት ኪሎ እንደሚበቃ፣ እስከ መቼ እንደምንሞክር ሳይነገረን ቀጣዩ ተራ ይጠራል።

ምክሩ መሠረት አለው። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ይመረታል። ይህ ደግሞ እንቁላል የሚያድግባትን ኦቫሪዋን የወንድ ሆርሞን አብዝታ እንድታመርት ይገፋፋታል፣ እንቁላሉም በቅጡ ሳያድግ ይቀራል። እንቅስቃሴ እዚህ ላይ ይረዳል። ሚዛኑ ንቅንቅ ባይል እንኳ የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን በተሻለ ይጠቀማል። ውፍረት ያለባት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል፣ እንቁላልም መልቀቅ ልትጀምር ትችላለች። 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ስንቶቻችን ከረሃብ በተረፍን። «20 ኪሎ ካልጣልኩ አልወልድም» ብለው ምግብ እርግፍ አድርገው የተዉ፣ ተዝለፍልፈው የወደቁ፣ ከዚያም በብስጭት ከበፊቱ የባሰ የበሉ ሴቶችን አውቃለሁ።

በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ አንድን የአመጋገብ ዓይነት ከሌላው ለይቶ የሚያስመርጥ ማስረጃ የለም ይላል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በስልካችን የሚደርሰን የምግብ ዝርዝር ሳልመን፣ ብሉቤሪና የአልሞንድ ወተት ነው። በሰፈራችን ሱቅ የት ይገኛል? ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ፎሶልያ ግን እቤታችን አሉ። የጾም ማዕዳችንማ በእነዚህ የተሞላ ነው። እኛን የሚጎዳን በየሲኒው የምንጨምረው ስኳር፣ ለስላሳው፣ ነጭ ዳቦው፣ ወጥ ላይ የሚፈሰው ዘይት ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ተውሎ ማታ በአንድ ጊዜ የሚበላው ፓስታና ብስኩትም አለ። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር ማድረግ ማንም ቤት ይቻላል። ይህን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት ስጡን ብንል ግን ከየት ይመጣል? የጾም ወራትን፣ ረመዳንን፣ የኑሮ ውድነቱን ከግምት ያስገባ ምክር ነው የምንፈልገው። የምግብ ባለሙያዎች አሉን። ሥራው ለእነሱ ይሰጥ።

እንቅስቃሴውም እንደዚያው ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል። ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን። የጂም ክፍያ ለብዙዎቻችን አይታሰብም። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለእኛ ትልቅ ስጦታ ናቸው፣ ከልቤ ነው የምለው። ሆኖም ወፈር ያለች ሴት ማለዳ ብቻዋን ሶምሶማ ስትሮጥ የሚደርስባትን ለከፋ ያውቁታል። አንድ ቀን ተሰድባ የተመለሰች ሴት በማግስቱ አትወጣም። በየጤና ጣቢያው ግቢ ወይም በወጣት ማዕከላት ሴቶች በቡድን የሚሠሩበት ሰዓት ቢመደብ ብዙ ወጪ የለውም።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ሚዛን የሕክምና በር ጠባቂ መሆኑ ነው። አንዳንዷ ቀጭን ናት፤ ፒሲኦኤስ ግን አለባት። «አንቺማ ምንም አልሆንሽም» ትባልና ትሄዳለች። ወፈር ያለችው ደግሞ እስክትከሳ ድረስ መድኃኒት አይጀመርላትም፣ ዕድሜዋ ግን አይጠብቃትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ከፍተኛ ውፍረት ያለባቸውና ማርገዝ የተቸገሩ 577 ሴቶችን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን መጀመሪያ ስድስት ወር የአኗኗር ለውጥ ላይ እንዲሠራ፣ ሌላው ወዲያው ሕክምና እንዲጀምር ተደረገ። ሕክምናን ማዘግየቱ ጤናማ ልጅ የመውለድ ዕድላቸውን አላሳደገውም። በመጀመሪያው ቡድን ያለ ሕክምና ያረገዙት መብዛታቸውም መነገር አለበት። ሴቶቹ ሁሉ ፒሲኦኤስ የነበረባቸው አይደሉም። ቢሆንም እኔ የምረዳው የአኗኗር ለውጡና ሕክምናው ጎን ለጎን መሄድ እንዳለባቸው ነው።

ሕክምናው ደግሞ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ሌትሮዞል የሚዋጥ ኪኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ 750 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ሲታተም ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ የቀድሞውን ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ወልደዋል። ዛሬ እንቁላል እንዲለቀቅ ለማድረግ በዓለም አቀፉ መመሪያ ቀዳሚው መድኃኒት ሌትሮዞል ነው። ብዙ ባልና ሚስት ግን መካንነት ሲባል ወዲያው የሚታያቸው ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሕክምና ነው። ያለ የሌለውን ሸጠው ውጭ ለመሄድ ያስባሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከሉን በ2011 ዓ.ም. ሲከፍት እልል ብለናል። ነገር ግን ከጎንደር ወይም ከጅማ አዲስ አበባ ከመምጣቷ በፊት ኪኒኑን በሐኪም ክትትል እዚያው ማግኘት ያለባት ሴት አለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። በየጤና ጣቢያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ20 ዓመት በላይ ቤት ለቤት አስተምረዋል። ልጅ ማራራቅ ለምትፈልግ ሴት በሩ ክፍት ነው፣ ይህም ትልቅ ድል ነው። ያው በር ልጅ ለምትፈልግ ሴትም ይከፈት። ቤተሰብ ማቀድ እሷንም ይጨምራል።

ይህ ለቤተሰብ ምጣኔው ለራሱም ይበጃል። ፒሲኦኤስ ያለባት ልጅ የወር አበባዋ ብዙ ጊዜ ከጅምሩ የተዛባ ነው። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ስትወስድ ደም በየወሩ ይመጣል፣ ስታቆም መዛባቱ ይመለሳል። ያኔ «ኪኒኑ ነው ማህፀኔን ያደረቀው» ትላለች። ጎረቤትም ይሰማል፣ ወሬው መንደሩን ያዳርሳል። ከመጀመሪያው «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቃት ቢኖር ይህ ወሬ ባልተወለደ ነበር። ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳው ሜትፎርሚን የታዘዘላትም እንዲሁ ናት። ፋርማሲ «የስኳር መድኃኒት ነው» ስትባል ደንግጣ የጣለችው ጓደኛ አለችኝ። ለምን እንደታዘዘላት ማንም አልነገራትም።

ስለ ልባችንም ልንገርዎት። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ላይ ድብርትና ጭንቀት ከሌሎች ሴቶች ይበልጥ ይታያል። ለዚህ ነው መመሪያው እያንዳንዷ ስለ ስሜቷ እንድትጠየቅ የሚያሳስበው። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ልጅ ያጣች ሴት አራስ ጥየቃ ሄዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ፣ ገንፎዋን ቀምሳ ስትወጣ «ለአንቺም ይድረስሽ» ይሏታል። ምርቃት ነው፣ ክፋት የለበትም። እሷ ግን መንገድ ላይ ታለቅሳለች። ሰርግና ክርስትና የቀረች፣ ዘመድ ቤት መሄድ ያቆመች ብዙ ናት። ጠበል የሄደች፣ ዱዓ ያስደረገች ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ቁጣ እንዳይደርስባት ትሰጋለች። ሁለቱንም እንድታደርግ በፍቅር የሚነግራት ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ባሎችም ይመርመሩ። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። ሴቲቱ ፒሲኦኤስ ስላለባት ብቻ የባሏ የዘር ፈሳሽ ምርመራ መቅረት የለበትም። ዓመታት በመድኃኒትና በእርምጃ ካለፉ በኋላ ችግሩ እሱም ጋ እንደነበረ ማወቅ ያማል። ምርመራው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም ይታዘዝ።

ልጅ የማትፈልገውም አትረሳ። ፒሲኦኤስ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ያጋልጣል። የወር አበባ ለረጅም ጊዜ ሲቀር የማህፀን ግድግዳ ይወፍራል፣ ይህም ለማህፀን ካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆና የወር አበባዋ ለወራት የጠፋባትን ልጅ «ስታገቢ ይስተካከላል» ብሎ መሸኘት ይቁም።

ክብርት ሚኒስትር፣ ነርሷ፣ አዋላጇና የጤና መኮንኑ የሚሠሩበት አጭር የአገር ውስጥ መመሪያ እንዲዘጋጅ እጠይቃለሁ። መቼ እንደሚጠረጠር፣ ምን እንደሚመረመር፣ ምን እንደሚመከር፣ መቼ ወደ ስፔሻሊስት እንደምትላክ ይኑርበት። የስኳርና የደም ግፊት ልኬት፣ የስሜት ጥያቄም ይካተት። ሌትሮዞል በክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች እንዳይጠፋ፣ የጤና መድህኑም ቢያንስ የመጀመሪያውን ምርመራና ኪኒኑን እንዲሸፍን ይታይልን። መመሪያው ሲረቀቅ ደግሞ በሽታውን የምንኖረውን ሴቶች ጠርታችሁ አነጋግሩን። እኔ በተጠራሁበት ቀን እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፒሲኦኤስ ጋር የምትኖር የአዲስ አበባ ነዋሪ