ራምፕ አለ፣ የሚወጣበት የለም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና ደረጃ ለሚቸግራቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ስለዚህ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መጨረሻ ላይ፣ በተረፈው ቦታ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የተለመደው ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል። ራምፑ በሁለት ሜትር ርዝመት ብቻ ከተሠራ ከኋላ የሚገፋ ሰው ካልተገኘ አይወጣም፤ ሲወርድም ዊልቸሩ ወደ ፊት ይደፋል። በሩ ፊት ለፊት 1.5 ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ማረፊያ ካልተተወ፣ በሩን ለመሳብ አንድ እጁን የለቀቀ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የተነጠፈበትንማ ክረምት ላይ ጤነኛውም ይፈራዋል።

ዲዛይኑ ለተጠቃሚው መመቸቱን የሚፈትነው የዲዛይን ተመራማሪ መጠራት ያለበት ፕላኑ ወረቀት ላይ ሳለ ነው። መግቢያውና መጸዳጃ ቤቱ በእውነተኛ ልካቸው ወለል ላይ ይሰመራሉ፤ ግድግዳው በካርቶን ይቆማል፣ በመስመር ብቻ ከቀረ ክንድ አልፎት ስለሚሄድ ጥበቱ አይታወቅም። ከዚያ ዊልቸር፣ ክራንችና ነጭ በትር የሚጠቀሙ ሰዎች ይጋበዛሉ። የታክሲያቸውና የውሏቸው ክፍያ በጀት ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነ የሚመጣው ቅርብ የሚኖረው ብቻ ነው።

«እንዴት አዩት?» ብሎ መጠየቅ እኛ አገር ብዙ አያዋጣም። ይሉኝታው «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ያሰኛል። «ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ እጅዎን ታጥበው ይውጡ» ብሎ ዝም ማለት፣ የት እንደቆሙና ምን እንደያዙ መመዝገብ ይሻላል። አጃቢዎችን እጃችሁን ሰብስቡ ብሎ መለመንም የሥራው አካል ነው፤ ደግነታቸው የዲዛይኑን ጉድ ይሸፍነዋል።

አርክቴክቱን ለአንድ ሰዓት ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ ይህን አይተካም። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ፓትሪሺያ ሙር እንደ አሮጊት ለብሳ፣ ዓይኗንና ጆሮዋን አዳክማ በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች የተዘዋወረችው ከ1979 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ነው። በአንድ ሰዓት የሚገኘው የጀማሪ ድንጋጤ እንጂ የነባር ተጠቃሚ ብልሃት አይደለም።

ዘጋቢዎቻችሁ ሕንፃ ሲመረቅ ሜትር ይዘው ቢሄዱ ደግ ነበር። ከፍታውን ለክተው በ12 ያባዙት፤ ራምፑ ከዚያ ካጠረ ዜናው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዲዛይን ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ