ብርዱ የእሷ፣ በረዶው የእኔ

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? የእናቴ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በደብዳቤዎ «እህትህ ሚኒሶታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ትላለች፤ አንተ ደግሞ በረዶው ከወገብ በላይ ነው ትላለህ። የባሰው የማንኛችሁ አገር ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ብርዱ የሚብሰው በእሷ ነው። እሷ ባለችበት በሚኒሶታዋ ከተማ በሚኒያፖሊስ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ በዓመት የሚጥለው በረዶ ግን በአማካይ 130 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እኔ ባለሁበት በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ብርዱ ለዘብ ይላል፣ በረዶው ግን 240 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል።

ደባርቅ ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ለእኛ አመዳይም ውርጭም የከፍታ ነገር ነውና። ቡፋሎ ከባሕር ወለል በላይ 180 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። በረዶዋን የሚያመጣባት ኢሪ የተባለው ሐይቅ ነው። ውኃው የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ይዞ እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። ብርዳም ነፋስ ከምዕራብ ሲነሣ 400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በሐይቁ ርዝመት ላይ እርጥበት እየቀዳ ይመጣና ዳርቻው ላይ ይዘረግፈዋል። ደመናው ጠባብ ነው። ዝናብ የአንዱን ማሳ አርሶ የጎረቤቱን ሲዘል አይተው የለ? ልክ እንደዚያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ኅዳር ላይ ከከተማው በስተ ደቡብ ያሉ ሰፈሮች ከ1.5 ሜትር በላይ ሲወርድባቸው፣ በሰሜን ያሉት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ አገኙ። ሐይቁ ራሱ ግግር ሲሆን ግን ምንጩ ስለሚደፈን እፎይ እንላለን።

በእህቴ በኩል በነፋሱ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰፊ ውኃ የለም፤ በጣም የበረደ አየር ደግሞ እርጥበት መሸከም አይችልም። የደቡብ ዋልታ እንኳን ያ ሁሉ ብርድ እያለበት የሚጥልበት ጥቂት ስለሆነ ከበረሃ ይቆጠራል። ሲያትል ያለው የአጎቴ ልጅም ከእኔ ይልቅ ወደ ሰሜን ነው፤ ነገር ግን ውቅያኖሱ አየሩን ስለሚያለዝበው የሚወርድበት አብዛኛው ዝናብ ነው።

ትናንት ጠዋት በሩን ስከፍት በረዶው የበሩ ቅርጽ እንደ ታተመበት ቆሞ ጠበቀኝ። ላዩ በአካፋ ሲነካ ይበናል፤ ሥሩ ግን እርጥብ ስለሆነ ወገብ ይቆርጣል። የእኔን ደጅ ጠርጌ የጎረቤቴን የአሮጊቷን ደረጃ ጨምሬ ጠረግሁ።

እናቴ እንደምትሰጋ አውቃለሁ። በ2022 በፈረንጆች ገና ሰሞን በዚህ አካባቢ ከ40 በላይ ሰዎች ያለቁት በበረዶው ብዛት ብቻ አልነበረም። ነፋሱ ዓይን አሳውሮ መንገድ በመዘጋቱ፣ መኪና ውስጥ የቀረውም ቤቱ የታመመውም የሚደርስለት አጣ። ከዚያ ወዲህ ከመኪናዬ ብርድ ልብስ፣ ውኃና ቆሎ አይጠፋም። አትውጡ ከተባለ ደግሞ የቀን ደመወዜ ቢቀርም አልወጣም። ይህን አስረግጠው ይንገሩልኝ።

ያስፈተለችውን ጋቢ ግን ለእህቴ ትላክላት። እሷ አውቶቡስ ቆማ የምትጠብቅ ናት፤ እኔ አካፋ ይዤ ስውል ያልበኛል። ወደ እናንተ መጥቶ ወደ ሚኒሶታ የሚመለስ መንገደኛ ስላገኘሁ ስልኩን በእሱ እጅ ለወንድሜ እልካለሁ፤ ጋቢውንም ለእሱ ስጡት። የበሬው መግዣም ከጥምቀት በፊት በባንክ ይደርስዎታል።

ልጅዎ