የሰፈራችን ዲድ ሪስትሪክሽን ጊዜው ሊያልቅ ነው፤ ለማደሻውና ለማስከበሪያው የድጋፍ ጥሪ

ውድ ጎረቤቶቻችን፣ ውድ ወገኖቻችን፤

በደቡብ ምዕራብ ሂውስተን ባለው ሰፈራችን በአንድ ሎት (በአንድ የቤት ቦታ) ላይ ስንት ቤት መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ከተማው አይደለም። የሚወስነው በ1977 በሃሪስ ካውንቲ ክለርክ (የሰነድ መዝጋቢ) ቢሮ የተመዘገበው የአሥራ አንድ ገጽ ዲድ ሪስትሪክሽን፣ ማለትም በቦታው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚገድብ ሰነድ ነው። ቦታውን መጀመሪያ የሸነሸነው ኩባንያ ያስመዘገበው፣ ቤቱ በተሸጠ ቁጥር ከመሬቱ ጋር ወደ አዲሱ ገዢ የሚሻገር ግዴታ ነው። የተጻፈው ለ50 ዓመት ነው። ብዙ ሰፈሮች በየአሥር ዓመቱ በራሱ የሚታደስ አንቀጽ አላቸው፤ የእኛ የለውም። ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ሲያልፍ 184ቱም ሎቶች ያለ ምንም ገደብ ይቀራሉ። ለማደስና ከታደሰም በኋላ ለማስከበር በድምሩ 21,000 ዶላር ያስፈልጋል።

ሌላ ከተማ ቢሆን ዞኒንግ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስን የከተማ ሕግ፣ ይተካው ነበር። ሂውስተን ግን ዞኒንግ የላትም፤ ሕዝቡ በ1948፣ በ1962 እና በ1993 በድምፅ ጥሎታል። ከተማው ያለው የሎት ስፋት ደንብ ነው። እሱም በ1998 ከ610 ሉፕ (የቀለበት መንገድ) ውስጥ ላለው አካባቢ እስከ 1,400 ስኩዌር ፊት ዝቅ እንዲል ተፈቅዶ፣ በ2013 ወደ ቀረው የከተማው ክፍል ሰፋ። የእኛ ሎት በአብዛኛው 6,600 ስኩዌር ፊት ነው። አንዱ ቤት ሲሸጥ ገዢው አፍርሶ ለሦስት ወይም ለአራት ሊከፍለውና በእያንዳንዱ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ (ጠባብ፣ ወደ ላይ የተሠራ ቤት) ሊያቆም ይችላል። ወረቀት ከሌለ ተቃውሞ ብቻውን አያስቆምም። በ2007 በቢሶኔት መንገድ ላይ የታቀደውን፣ አሽቢ እየተባለ የሚጠራውን ረጅም ሕንፃ ታስታውሳላችሁ፤ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ገንዘብም ጠበቃም ነበራቸው፤ ያ ቦታ ግን በዲድ ሪስትሪክሽን አልተያዘም ነበር። ዳኛው ግንባታውን ለማገድ አልፈቀዱም፤ የተፈረደውም ካሳ በ2016 በይግባኝ ተሻረ።

ሰው መብዛቱን አንቃወምም። ከተማው ቤት ያስፈልገዋል፤ ከእኛም መሃል በታውንሃውስ የጀመረ ብዙ ነው። የሰፈሩ ቱቦና ቦይ ግን የተሠራው ለ184 ጣሪያ ነው፤ ከ2017ቱ የሃርቪ አውሎ ነፋስ ጎርፍ ወዲህ ደግሞ ኮንክሪት የለበሰ ግቢ ዝናቡን ወዴት እንደሚልከው በሂውስተን የማያውቅ የለም። ምን ያህል ይሠራ የሚለውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ቢወስኑት እንመርጣለን።

ነባሩን ጽሑፍ እንዳለ ማራዘም አይበቃም፤ ጠበቃ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። የ1977ቱ ሰነድ «በአንድ ሎት አንድ መኖሪያ ቤት» ይላል እንጂ ሎቱ አይከፈልም አይልም። ሎቱ አራት ከሆነ አራት ቤት ሊቆም ነው፤ ቃሉም አልተጣሰም የሚል ክርክር ይነሳል። በቴክሳስ ሕግ ሎት መልሶ መሸንሸን፣ ማለትም ሪፕላት፣ የተመዘገበ ገደብን ሊያነሳ አይችልም። «በ1977ቱ ፕላት (የሽንሸና ካርታ) ላይ ያለ ማንኛውም ሎት አይከፈልም» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር ካለ የከተማው የፕላኒንግ ኮሚሽን ሪፕላቱን የሚጥልበት ምክንያት ያገኛል። ዓረፍተ ነገሩ ከሌለና ፕላኑ ደንቡን ካሟላ ግን ኮሚሽኑ የማጽደቅ ግዴታ አለበት፤ ለውሳኔውም ያለው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።

አዲሱ ረቂቅ ቁጥር በቁጥር የተጻፈ ነው፤ አንድ ዋና ቤት፣ በጓሮ ወይም ከጋራዥ በላይ እስከ 900 ስኩዌር ፊት የሚደርስ አንድ ተጨማሪ ክፍል፣ ከመንገድ 25 ጫማ ርቀት። ተጨማሪውን ክፍል ሆን ብለን አስገብተናል። እናት አባቱን ከአገር ቤት አምጥቶ የሚያኖር፣ ያገባ ልጁን ጓሮው ውስጥ የሚያስጠጋ ቤተሰብ በገዛ ሰፈሩ ሕግ መከልከል የለበትም። ከ30 ቀን በታች ማከራየት ክልክል መሆኑም በግልጽ ተጽፏል፤ ምክንያቱም በ2018 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሳን አንቶኒዮ በመጣ ጉዳይ «ለመኖሪያ ብቻ» የሚለው ቃል የአጭር ጊዜ ኪራይን አይከለክልም ብሎ ወስኗል። ፍርድ ቤት ያልተጻፈውን አይጨምርልንም።

ልንጽፈው የማንችለውም አለ። እስከ ስድስት አካል ጉዳተኞች የሚኖሩበትን የእንክብካቤ ቤት ዲድ ሪስትሪክሽን ሊከለክል አይችልም፤ የክልሉ ሕግ ይጠብቀዋል፤ መጠበቁም ትክክል ነው።

ይህንን መሣሪያ ስንይዝ ታሪኩን አንረሳም። በመላ አሜሪካ ለአሥርት ዓመታት ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛና እንዳይኖር ለማድረግ የዋለው ይኸው ዓይነት ወረቀት ነበር። በ1948 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ከለከለ፤ በ1968 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ ደግሞ ራሱን ድርጊቱን ሕገወጥ አደረገው። ቃላቱ ግን በብዙ የሂውስተን ሰነዶች ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ የቴክሳስ ሕግ ባለቤቱ ከሰነዱ እንዲያስወጣቸው መንገድ ከፍቷል። የእኛ ሰነድ እንዲህ ያለ መስመር የለውም፤ በረቂቁ የሚገደበው ሕንፃና ሎት ብቻ ነው፤ ማን ይኑር የሚለው ጉዳይ በየትኛውም መስመር አይገባም።

አሁን ለዕድሳቱ ወደሚያስፈልገው የባለቤቶች ፊርማ። ሰፈሩ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ስለሌለው የምንሄደው በቴክሳስ ፕሮፐርቲ ኮድ ምዕራፍ 201 ነው። መጀመሪያ ቢያንስ ሦስት ባለቤቶች ያሉበት ኮሚቴ መቋቋሙን የሚገልጽ ማስታወቂያ ክለርኩ ዘንድ ይመዘገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊርማውን ጨርሶ ለማስገባት አንድ ዓመት አለ፤ ካለፈ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይሟላ ማስታወቂያውን አናስገባም። ግባችን 75 በመቶ ነው፤ ከ184 ሎት 138።

ፊርማ የሚበላሸው ሁሌም በአንድ ዓይነት ምክንያቶች ነው። በዲዱ (በቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ላይ ያለው ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አይገጥምም፤ በእኛ ማኅበረሰብ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚጻፍና አጻጻፉም ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ ይህ ከሌላው ሰው በላይ ያገኘናል። ባል ፈርሞ ሚስት ሳትፈርም ይቀራል፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ባለቤቱ ሞቶ ቤቱ በልጆች እጅ ከሆነ የወራሽነት ሰነድ ሳይመዘገብ ፊርማቸው አይቆጠርም። ቤቱ በኤልኤልሲ (በኩባንያ) ወይም በትረስት (በአደራ ይዞታ) ስም ከሆነ ፈራሚው በምን ሥልጣን እንደፈረመ መጻፍ አለበት። ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ያላረጋገጠው ፊርማ ደግሞ ወረቀት ብቻ ነው። ያልፈረመ ባለቤት ከተነገረው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሎቱን ሊያስወጣ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቤት በተመዘገበ ፖስታ የምንልከው ያ ዓመት መቁጠር የጀመረበት ቀን እንዲታወቅ ነው።

ወጪው እንዲህ ነው። ለጠበቃ፣ ነባሩን ሰነድ መርምሮ ረቂቁንና ፔቲሽኑን (ባለቤቶች የሚፈርሙበትን ማመልከቻ) ለሚያዘጋጅበት፣ 7,200 ዶላር። ባለቤትነታቸው የተወሳሰበ ሎቶችን ለማጣራት 1,500። ለኖታሪ 1,518፤ በሕግ የሚፈቀደው ለመጀመሪያው ፊርማ 10 ዶላር፣ ለተከታዩ 1 ዶላር ሲሆን፣ በ138 ሎት ሁለት ሁለት ሰው አስበን ነው። ለተመዘገበ ፖስታ በቤት 11 ዶላር ሒሳብ 2,024። ክለርኩ ለመጀመሪያው ገጽ 25፣ ለቀጣዩ ሁሉ 4 ዶላር ያስከፍላል ብለን ለ150 ገጹ ፔቲሽን 621፣ ለሦስት ገጹ ማስታወቂያ 33 ይዘናል። ለወረቀትና ለኮፒ 104። ድምሩ 13,000 ነው፤ በ184 ቤት ሲካፈል በቤት 71 ዶላር ይደርሳል።

የቀረው 8,000 ዶላር መጠባበቂያ ነው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያስፈልግም የሚሉት ክፍልም ይኸው ነው። ያልተከበረ ገደብ ይሞታል። ጥሰት ከተፈጸመ በኋላ ለመክሰስ ያለው ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ብዙ ጥሰት በዝምታ ከታለፈ ደግሞ ፍርድ ቤት ሰፈሩ ገደቡን ትቶታል ሊል ይችላል። የከተማው የሕግ ክፍል ራሱ ሊከስ፣ በቀን እስከ 1,000 ዶላር ቅጣትም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ግን የሚይዘው እንደ ሎት ስፋት፣ የሕንፃ ብዛትና ከመንገድ ርቀት ያሉትን ነው፤ የሚጠብቀውም ፋይል ብዙ ነው። መሠረት ከመፍሰሱ በፊት የማገጃ ትእዛዝ ለመጠየቅ የራሳችን ጠበቃ በሳምንት ውስጥ መንቀሳቀስ አለበት። የረታ ሰፈር የጠበቃ ወጪውን ከተከሳሹ ሊያስመልስ ይችላል፤ የተመለሰው ገንዘብ ወደዚሁ መጠባበቂያ ይገባል።

ባለቤቶች በቤት 71 ዶላር እንድትሰጡ፣ የምትችሉ ደግሞ ለመጠባበቂያው እንድትጨምሩ እንለምናለን። የማይችል ጎረቤት ፊርማው ብቻ ይበቃናል። በሌላ የሂውስተን ሰፈር የምትኖሩ ብትረዱን ረቂቁን፣ የፔቲሽኑን ቅጽና የአማርኛ ማብራሪያውን በነጻ ትወስዳላችሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን ሰነድ ከክለርኩ መዝገብ በሰብዲቪዥኑ (ሰፈሩ ሲሸነሸን በተሰጠው) ስም ፈልጉና የሚያልቅበትን ዓመት አንብቡ። ሎቶቻችሁ ተመሳሳይ ስፋት ካላቸው ለ40 ዓመት የሚጸናውን የከተማውን የሎት ስፋት ጥበቃም በየብሎኩ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የሕንፃ ብዛትን ስለማይገድብ ዲድ ሪስትሪክሽኑን አይተካም።

ገንዘቡ የሚገባው በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ነው፤ ቼክ በኮሚቴው ስም ጽፋችሁ «ዕድሳት» ወይም «መጠባበቂያ» በሉበት። ስጦታው ከግብር የሚቀነስ አይደለም። 13,000ው ካልሞላ ማስታወቂያው አይመዘገብም፤ የሰጣችሁትም ሙሉ በሙሉ ይመለስላችኋል።