ማመልከቻው ሳይዘጋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ

ውድ እህቴ፣

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ ዛሬ የምጽፍልሽ ጉዳይ ስለ ገጠመኝ ነው። አንቺ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርሺ እንደምታውቂው ስለማልጠራጠር ከመጀመሪያው መናገሩን መረጥሁ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚያ ከመጨረሻው የስልክ ንግግራችን በኋላ ማን ቀድሞ መደወል ይገባው እንደነበር አሁን ማንሣቱ ለሁለታችንም አይበጅም፤ ስንገናኝ ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን። እኔ ደኅና ነኝ፤ እናትሽ እንደተሻላቸው ሰምቼም እጅግ ደስ ብሎኛል። ሌላው ወሬ ይቆየን።

ለዶክትሬት ጥናት የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ላመለክት ነው። «እሰይ፣ በመጨረሻ!» ስትዪ ይሰማኛል። ማስተርሳችንን ከጨረስንበት ጊዜ ጀምሮ ባገኘሽኝ ቁጥር «ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ?» እያልሽ ስትነዘንዢኝ የኖርሽ አንቺ ነሽና የደስታው እኩሌታ ያንቺ ነው። ለከርሞ የሚባለው ነገርም እየጠበበ መጥቷል። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለዶክትሬት ጥናት የሚያመለክቱ ሰዎች የመጨረሻ ዲግሪያቸውን ካገኙ በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸው እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ የጃፓን መንግሥት ለምርምር ተማሪዎች የሚሰጠው ዕድል ደግሞ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ነው። በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም የተሰየሙት የአውሮፓ ኅብረት የዶክትሬት ፕሮግራሞች ዕድሜ አይጠይቁም፤ ነገር ግን አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ጥናቱ በሚካሄድበት አገር ከ12 ወራት በላይ የኖረ ወይም የሠራ መሆን የለበትም።

እነዚህን መመሪያዎች አንድ በአንድ ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ የጥናቱን መንገድ ጭምር እንደሚወስን ነው። በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ስለሆነ ቦታው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ይወጣል፤ የጥናቱም ርእስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በአሜሪካ ደግሞ አመልካቹ መጀመሪያ ወደ ፕሮግራሙ ይገባና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርስ እየወሰደ፣ ፈተና እያለፈ ርእሱን ቀስ በቀስ ያበጃል። እኔ የመረጥሁት ከሁለቱም የተለየውን፣ አመልካቹ የራሱን የጥናት ጥያቄ ይዞ የሚቀርብበትንና ሊያማክረው ፈቃደኛ የሆነ ፕሮፌሰር አስቀድሞ ፈልጎ ደብዳቤውን ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዝበትን መንገድ ነው። ለምን እንደመረጥሁት አንቺ ታውቂያለሽ። የራሴ ጥያቄ አለኝ።

ፕሮፌሰሩ ተገኝቷል። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለማይተዋወቁት ፕሮፌሰር መጻፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል የሚላክ ደብዳቤ መልስ ስለማያገኝ የሰውየውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አንብቦ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆመ ለይቶ፣ የራስን ሐሳብ ከዚያ ነጥብ ጋር በጥቂት መስመሮች ማያያዝ ያስፈልጋል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ጻፍሁለት። የመለሰልኝ ደብዳቤ አጭርና ቅን ነው፤ ሐሳቤን እንደወደደው፣ ቤተ ሙከራው ሊቀበለኝ ዝግጁ እንደሆነ፣ የፈቃደኝነት ደብዳቤውንም እንደሚፈርምልኝ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ አንቀጽ አለ፤ እሷን አንቀጽ ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ በወጉ አልተኛሁም።

ጥያቄዬን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቢሆንም በደንብ መግለጽ እችል እንደሆነ ራሴን ልፈትን። የጉድጓድ ውሃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ሲኖረው ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያልፋል፤ በዚህ ውሃ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ጉዳቱ አጥንት ላይ ይደርሳል። አየር በማይበዛበት ምድጃ የተቃጠለ የከብት አጥንት፣ ማለትም የአጥንት ከሰል፣ ፍሎራይዱን ይይዛል፤ ይህም የሆነው ከሰሉ ውስጥ ያለው ማዕድን በጥርሳችንና በአጥንታችን ያለው ያው ማዕድን ስለሆነ ነው። ማጣሪያው ርካሽ ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ችግሩ ከሰሉ ሞልቶ መያዝ ሲያቆም የሚያስታውቅ ምልክት አለመኖሩ ነው። ፍሎራይድ ቀለምም፣ ጣዕምም፣ ሽታም ስለሌለው ውሃው እንደ ትናንቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ እናት ልጆቿን ካልታከመ ውሃ የማይሻል ውሃ እያጠጣች እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የእኔ ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ውጭ የምትኖር ሴት ማጣሪያዋ የደከመበትን ጊዜ በምን ልታውቅ ትችላለች የሚል ነው። ተከታዩ ጥያቄ ደግሞ የደከመው ከሰል በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ሲሠራ በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል አቅሙን እንደሚያጣ ነው።

ያቺ አንቀጽ የምትለው የአጥንት ከሰል ብዙ የተጠና ነገር ስለሆነ የመምረጫ ኮሚቴው አዲስነቱን ሊጠራጠር ይችላል ነው። ስለዚህ ቤተ ሙከራው በአሁኑ ጊዜ በሚሠራበት፣ ዚርኮኒየም በተባለ ብረት ላይ በተመሠረተው አዲስ ማጣሪያ ላይ ጥናቱን ባዞረው እንደሚመርጥ በትሕትና ጽፎልኛል። ክፉ ምክር አይደለም። መሣሪያው እዚያ አለ፤ ልምዱ እዚያ አለ፤ የገንዘቡ ዘመን ሦስት ዓመት ሲሆን በየቤቱ የተቀመጠ ማጣሪያ እስኪደክም መጠበቅ ግን ወራት ይፈጃል። ኮሚቴ የሚመዝነው ደግሞ የጥያቄውን ጥሩነት ብቻ አይደለም፤ በተሰጠው ጊዜ ሊሠራ መቻሉንና ከተቀባዩ ተቋም ሥራ ጋር መስማማቱንም ጭምር ይመለከታል። በእነዚህ በሁለቱ መመዘኛዎች የእሱ ርእስ ከእኔው እንደሚበልጥ አልክድም።

አሁን ለሌላ ሰው ያልነገርሁትን ልንገርሽ። ለሙከራ ያህል በእሱ ርእስ አንድ ረቂቅ ጽፌ ነበር። ጽሑፉ ሳይጎተት ወጣልኝ፤ አንቀጾቹ እርስ በርስ ተያያዙ፤ የጊዜ ሠሌዳው በሦስት ዓመት ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። አንብቤ ስጨርስ ወደድሁት፤ ፍርሃት ያሳደረብኝም ይኸው መውደዴ ነው። አንድ ጥሩ ሰው ደግ ቃል ጽፎልኝ በሩን ስለከፈተልኝ ብቻ ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርሁትን ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ ላስቀምጠው እንደምችል አላውቅም ነበር። አንቺ ብትኖሪ እንደ ድሮው ከረቂቁ ኅዳግ ላይ «ይህን ማን ጠየቀሽ?» ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፊበት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ግማሽ ያስቀየረችኝ ያቺ ጥያቄሽ ናት፤ ያኔ ለሁለት ቀን እንዳኮረፍሁሽ አንቺ እስከ ዛሬ ለሰው ታወሪያለሽ፣ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግንሻለሁ።

ሁለቱን ርእሶች አንድ ላይ ማድረግን አስቤ ነበር፤ የእሱን ማጣሪያ ከአጥንት ከሰል ጎን አስቀምጦ የሁለቱን አደካከም ማነጻጸር ይቻላል። ነገር ግን ሁሉን ለመያዝ የሚሞክር ፕሮፖዛል አንዱንም እንደማይጨብጥ በሌሎች ሰዎች ማመልከቻ አይቻለሁ፤ ገምጋሚም ቢሆን እንዲህ ያለውን ሲያይ አመልካቹ ምን እንደሚፈልግ ገና አልወሰነም ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። ስለዚህ መምረጥ አለብኝ። ልቤ ወደ ፊተኛው ጥያቄዬ ያዘነብላል። ያም ቢሆን ለፕሮፌሰሩ በአክብሮት ጽፌ፣ የማጣሪያውን መድከም በቤተ ሙከራው መሣሪያዎች አፋጥኖ ማጥናት እንደሚቻል አሳይቼ፣ የጊዜውን ስጋት ላቃልልለት አስባለሁ፤ ውሃውን በቀጣይነት እያሳለፍን በየሰዓቱ ብንለካው በቤት ውስጥ ወራት የሚፈጀውን በጥቂት ሳምንታት እናየዋለን። ይህ ክርክር ያስኬዳል ወይስ ፍላጎቴ ነው እንዲያስኬድ ያሳየኝ? ፍርድሽን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚመላለስብኝ አንድ ታሪክ አለ። ያ የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም በስሟ የተሰየመላት፣ ኋላ ማሪ ኩሪ የተባለችው ማሪያ ስክሎዶቭስካ እ.ኤ.አ. በ1891 ከዋርሶ ወደ ፓሪስ ለትምህርት ከሄደች በኋላ ገንዘብ አልቆባት ጥናቷን ልታቋርጥ በተቃረበችበት በ1893 የ600 ሩብል የትምህርት ድጋፍ ታገኛለች። ኋላ ሥራ ስታገኝ ከመጀመሪያ ገቢዋ አጠራቅማ ያንን ገንዘብ ለሌላ ተማሪ እንዲሆን ብላ መለሰችው። መልሺ ያላት ሰው አልነበረም። ነጻ የትምህርት ዕድል ነጻ ይባል እንጂ እኔም እንደ እሷ የአደራ ገንዘብ አድርጌ ነው የማየው፤ በዚያ ገንዘብ የማይመለከተኝን ጥያቄ እየመለስሁ ሦስት ዓመት ብቀመጥ ኅሊናዬ የሚያርፍ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ለመጠየቅ ወደምቸገርበት ነገር ልምጣ፤ ጀምሬ የተውሁት፣ ከብዶኝ የዋለ ነገር ነውና ታገሺኝ። ማመልከቻው የቅድመ ጥናት ውጤት ካለ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ያለው ውጤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሰማያዊው ደብተር ውስጥ ነው። የዓምዶቹ አርእስት ባንቺ የእጅ ጽሕፈት፣ ቁጥሮቹ አንዳንዴ ባንቺ አንዳንዴ በእኔ የተሞሉበት፣ የመውጫው ውሃ ንባብ ከ1.5 በሚያልፍበት መስመር ሥር በቀይ ያሰመርሽበት ደብተር። አንቺ ምርምሩን ትተሽ ስትሄጂ ይዘሽው ሄድሽ፤ ልክም ነበርሽ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ ሌሊት ተነሥተሽ የለካሽው። ያንን ውጤት ያለ ፈቃድሽ አንዲት መስመር እንኳ አልጠቅስም። ብትፈቅጂልኝ ግን የሁለታችን ሥራ መሆኑን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ስምሽ ከእኔ ስም ይቀድማል፤ ወደፊት በዚያ ላይ የሚታተም ጽሑፍ ቢኖርም አንቺ ሳታነቢውና ሳትስማሚበት አይወጣም። ይህን ስልሽ ውለታ እየቆጠርሁ አይደለም፤ የሚገባሽ ስለሆነ ነው። በስልክ ያን ዕለት የተናገርሽው ነገር በዚህ ምክንያት እንደነበረ ኋላ ገብቶኛል።

ሌላው ነገር እየሄደ ነው። መምህራችን የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገብተዋል፤ ደብዳቤው በእኔ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ የሚላክ ስለሆነ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ አንቺን ግን «ያቺ ጠያቂዋስ ወዴት ደረሰች?» ብለው ጠይቀውኛል፤ የምመልስላቸው አጥቼ አፈርሁ። የውጤት ማስረጃዎቼ ተረጋግጠዋል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ፈተናውን እንደገና ወስጃለሁ፤ ውጤቱም በቂ ነው።

ሁለቱን ረቂቆች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣቸዋለሁ። የማመልከቻው መዝጊያ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ ነው፤ ለፕሮፌሰሩ ግን በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ የቱን እንደመረጥሁ መንገር አለብኝ። መጀመሪያ የራሴን፣ ቀጥሎ የእሱን አንብቢልኝ፤ ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ ትቼልሻለሁ። የደብተሩን ነገር እምቢ ካልሽ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልግሽም፤ «አይሆንም» ብቻ በዪኝ፤ ያለ ቅድመ ጥናት ውጤት አመለክታለሁ፣ በዚህም ቅር አይለኝም። እሺ ካልሽ ቀይ መስመር ያለባትን ገጽና ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የአጥንቱን የማቃጠያ ሙቀት የጻፍነው በዚያችኛዋ ገጽ ጀርባ ላይ ይመስለኛል።

እናትሽን ሳሚልኝ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ