ኮሶ ሻጭ ቢሆኑስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የአፄ ቴዎድሮስን የዘር ሐረግ ያውቃል። አንዱ ሰለሞናዊ ያደርጋቸዋል፤ ሌላው ከመሬት የተነሱ የደሃ ልጅ።

እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ (ሆድ የሚያጥበውን መራራ የትል መድኃኒት) ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ያራገቡት በዋናነት ባላንጣዎቻቸው ናቸው። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ስድብ ነበር። ከባላንጣዎቹ አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን እየፎከሩ ዘመቱባቸው፤ ሲማረኩ ካሣ (ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ይህ ነበር) ያንኑ ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን እንግዳም አይቀበልም። ታሪኩ እውነት ባይሆን እንኳ ጎንደሬ ይወደዋል፤ እኔም ጭምር።

የደሃ ልጅ የሚለውም ቢሆን አያስኬድም። አባታቸው ኃይለ ጊዮርጊስ የቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ። ካሣ ያደጉትም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት ነው። ይህ ቤት ተራ ቤት አልነበረም።

በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ የሰለሞን ዘር ነኝ ማለታቸው ግን አይገርምም። ዙፋኑ ይጠይቅ ነበራ! ቴዎድሮስ የሚለውን የንግሥ ስም የመረጡትም ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል የቆየ ትንቢት ስለነበር ነው። ስሙ ብቻውን ግማሽ ጦር ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ታሪክ ስታወጡ ጠላት ያወራውን፣ ቤተ መንግሥት ያስጻፈውንና ሕዝቡ የጨመረውን ለዩልን። ለአስጎብኚዎቻችንም «ይባላል» የምትለዋን ቃል አስታውሱልን። ቱሪስቱ ሁሉንም እየጻፈ ነው የሚሄደው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር