ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7 ስለመጫን

ጅማ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስ 7ን እና ዊንዶውስ ኤክስፒን በቀጥታ መጫን ማቆማችንን ስለማሳወቅ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከመጋቢት ወር መጀመሪያ አንሥቶ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7ንም ሆነ ከእሱ የቀደመውን ኤክስፒን በቀጥታ አንጭንም። ውሳኔው ለአንዳንዶቻችሁ ደስ እንደማይል ስለምናውቅ በቃል ብቻ ነግረን ከመሸኘት ምክንያቱን በጽሑፍ ማድረስ መረጥን።

ላፕቶፑ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ «ሰባትን ጫኑልኝ» የሚለን ደንበኛ ዛሬም ብዙ ነው። የሚጠይቀውም ያለ ነገር አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛው ዓመታት የሠራበት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለው በሰባት ላይ ነው። ጸሐፊዋ ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የግዕዝ መጻፊያ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እዚያ ተከማችተዋል። በሪባን የሚሠራው የደረሰኝ ማተሚያ ከሌላ ዊንዶውስ ጋር ሠርቶ አያውቅም። እጅ ከለመደው፣ ዓይን ከለመደው ነገር መለየትም ቀላል አይደለም። እኛ እንደተረዳነው ሰባትን የሚጠይቅ ደንበኛ ሥራው እንዳይቋረጥበት ነው የሚጠይቀው። ሥራው የሚቀጥልበት መንገድ አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን። አስቀድመን ግን በአዲሱ ዕቃ ላይ የሚሆነውን እንንገራችሁ።

ዊንዶውስ በፕሮግራሞቻችሁና በኮምፒውተሩ አካላት መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ሰባት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የሚያውቀው የዚያን ዘመን ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ለማወቅ ድራይቨር የተባለ አገናኝ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ድራይቨሩን የሚያዘጋጀው የዕቃው አምራች ነው። አምራቹ ካላዘጋጀው እኛ ጅማ ላይ ተቀምጠን ልንፈጥረው አንችልም።

የሰባትን መጫኛ ፍላሽ ሰክተን አዲሱን ኮምፒውተር ስናስነሣ ቋንቋ መምረጫው ገጽ ይመጣል፤ ማውሱና ኪቦርዱ ግን አይንቀሳቀሱም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስተኛውን የፕሮሰሰር ትውልድ ሲያወጣ የቀድሞውን የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ ከቦርዱ አስወጥቶ ሁሉንም መሰኪያ በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ ሥር አደረገው። የሰባት መጫኛ ደግሞ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለውም። ስለዚህ የተሰካለትን ኪቦርድ አያየውም፤ የገባበትን ፍላሽ እንኳ መልሶ አያገኘውም። በዚህ ጊዜ «የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ጎድሏል» የሚል መልእክት ያወጣል። ሲዲ ያልነካ ሰው ይህን ሲያነብ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ድራይቨሩን አስቀድሞ በመጫኛው ውስጥ በማስገባት ይህን ማለፍ ይቻላል፤ እስከዚህ ድረስ ዕዳው ገብስ ነው።

ከዚያ የዲስኩ ነገር ይመጣል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ኤስኤስዲ ሰባት ሲወጣ ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ዘግይቶ ማሟያ አውጥቶለታል፤ ማሟያው ያልገባበት መጫኛ ግን «ዲስክ የለም» ይላል። ይህንንም አለፍን እንበል። ሰባት ሲነሣ ስክሪኑን የሚያበራው ባዮስ በተባለው አሮጌው የኮምፒውተር ማስነሻ መንገድ ነው። የዛሬ ማሽኖች በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ይነሣሉ፤ ብዙዎቹም አሮጌውን መንገድ ጨርሶ አልያዙም። በእነዚህ ላይ ሰባት አርማው ጋ ይደርስና እዚያው ደርቆ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚደረገው ትግል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

በስንት መከራ ቢነሣም በአዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ላለው ግራፊክስ የሰባት ድራይቨር የለም። ምስሉ ይጎተታል፤ የስክሪኑ ብርሃን አይቀነስም፤ በኤችዲኤምአይ ፕሮጀክተር ሰክቶ ማሳየት አይቻልም። አብዛኞቹ አዳዲስ የዋይፋይ ካርዶችም እንዲሁ ናቸው። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰባተኛው የኢንቴል ትውልድና በኤኤምዲ ራይዘን ላይ ለሚሠራ ሰባት ማሻሻያ መስጠት ከልክሎ ነበር። ከ2021 ወዲህ የወጡት ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ፈጣንና ቆጣቢ የሆኑ ሁለት ዓይነት ኮሮች (ሥራውን የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) አሏቸው፤ ሰባት ሁለቱን ለይቶ ስለማያውቅ ከባዱን ሥራ ለደካማው ሊሰጥ ይችላል። ባለ 32 ቢቱን ኤክስፒ ወይም ሰባት የሚመርጡም አሉ። እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም፤ 16 ጊጋባይት ብላችሁ የከፈላችሁበት ማሽን ውስጥ 12ቱ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ገንዘባችሁ ነው፤ እኛን የሚከነክነንም ይህ ነው።

አንድ የደረሰብንን ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት አንድ አቅራቢ ደንበኛችን አዲስ ላፕቶፕ ይዘው መጡና በሰባት እንዲሆንላቸው አጥብቀው ለመኑን። ሦስት ቀን ታገልንበት። በመጨረሻ የተሳካልን ድራይቨሮች የተጨመሩበትን፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ የሰባት መጫኛ ከኢንተርኔት አውርደን ነው። ላፕቶፑ ተነሣ። ዋይፋዩ ስላልሠራ በዩኤስቢ የሚሰካ ሰጠናቸው። ክዳኑ ሲዘጋ ስለማይተኛ ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም ነበር። ወር ሳይሞላ ከሌላ ቢሮ በመጣ ፍላሽ በገባ ቫይረስ የሒሳብ ፋይሎቻቸው በሙሉ ተቆለፉ። የነበራቸው መጠባበቂያ ቅጂ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። የሦስት ሳምንት የሚዛን ደረሰኝ፣ በዚያ የሥራ ወቅት፣ ከወረቀት ላይ አንድ በአንድ እየተነበበ እንደገና ተመዘገበ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ደንበኛው የሚያውቁት ቡናቸውን ነው፤ የኮምፒውተሩን አደጋ አውቀን «ይህ አይሆንም» ማለት የነበረብን እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን መጫኛ በእጃችን አልነካንም፤ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈውም በእሳቸው የደረሰው በሌላ እንዳይደገም ነው።

ማይክሮሶፍት ለሰባት ለሁሉም ያወጣ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ለድርጅቶች በክፍያ የቀጠለውም ከሦስት ዓመት በኋላ አበቃ። ለኤክስፒ ያቆመው ከዚያም ቀድሞ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር። «ፀረ ቫይረስ እስካለኝ ምን ቸገረኝ» የምትሉን አላችሁ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠውን ዋናክራይ የተባለውን ፋይል ቆላፊ አስታውሱ። ማንም ምንም ሳይከፍት፣ በኔትወርክ ብቻ፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየዘለለ ነበር የተዛመተው። ከተጠቁት አብዛኞቹ ሰባት የተጫነባቸው ነበሩ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የጫኑት ተርፈዋል። ዛሬ በሰባት ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ቢገኝ የሚጫን ማሻሻያ አይኖርም። በቢሯችሁ አምስት ኮምፒውተሮች በአንድ የኔትወርክ ማገናኛ (ስዊች) ከተያያዙ የአምስቱ ሁሉ ጥንካሬ በደካማው አንዱ ልክ ነው። ኢንተርኔት ለመክፈትም ቢሆን ሰባት የሚቀበለው የመጨረሻው ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው 109ኛው ነው። በዚያ ላይ የባንክ ሒሳባችሁን እንድትከፍቱ አንመክርም።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ።

በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11ን እንጭናለን። በእሱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል፣ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር እናስነሣለን። የእናንተን ሰባት ወይም ኤክስፒ የምናስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው። በስክሪናችሁ ላይ እንደማንኛውም ፕሮግራም በአንድ መስኮት ይከፈታል፤ ውስጡ ስትገቡ የምታውቁት ሰባት፣ የምታውቁት ፒችትሪ ይቆያችኋል። ቨርቹዋል ማሽኑ ለሰባት የሚያሳየው እሱ የሚያውቀውን ዓይነት የቀድሞ ዲስክና ግራፊክስ ስለሆነ ከላይ የዘረዘርነው የድራይቨር ጣጣ እዚያ የለም። ዘዴው አዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ ሰባትን ሲያወጣ የኤክስፒ ፕሮግራሞቻቸው ለቀሩባቸው ድርጅቶች ኤክስፒን በሰባት ውስጥ እንዲህ አድርጎ አቅርቦላቸው ነበር።

የውስጡን ሰባት ከኢንተርኔት እንቆርጠዋለን። ፋይል የሚገባውና የሚወጣው ለሁለቱ በጋራ በተሰጠ አንድ ማኅደር ብቻ ይሆናል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ያ ሰባት ከነፕሮግራሙና ከነሒሳቡ በአንድ ማኅደር ውስጥ ያለ ፋይል ስለሚሆን ዘግታችሁ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ በሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ለዚህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያስፈልጋል፤ 16 ቢሆን ደግሞ ሁለቱም ሳይጨናነቁ ይሠራሉ። የሰባት ፈቃዳችሁ ቁጥርም አብሮ ይምጣ፤ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑ ፈቃድን አያስቀርም።

የማይፈታውንም እንናገር። በትልቁ የፓራለል ገመድ የሚሠሩ የቀድሞ ማተሚያዎች በቨርቹዋል ማሽን በኩል ብዙ ጊዜ ያስቸግራሉ። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድም ለሁሉም ፕሮግራም አይሆንም፤ አንዳንዱ የድሮ ፕሮግራም የሚልከው በቀጥታ ወደ ቀድሞው መሰኪያ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተሻለው የቀድሞውን ኮምፒውተር ማቆየት ነው። ሰባት በተሠራበት ዘመን ዕቃ ላይ ዛሬም ጥሩ ይሠራል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በሳታ ኤስኤስዲ እንለውጥለታለን፤ የሰዓቱን ባትሪ እንቀይራለን፤ የጅማ ክረምት በቦርዱ ላይ የተወውን እርጥበትና አቧራ እናጸዳለን፤ የኔትወርክ ገመዱን እንነቅላለን። ከዚያ ለደረሰኝ ማተሚያው ብቻ ይቀመጥ። ማዕዘን ላይ ብቻውን የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ስለ ፒችትሪ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። የድርጅታችሁን ሒሳብ በአዲስ እትም ስትከፍቱት ፋይሉ ወደ አዲሱ ዓይነት ይለወጣል፤ ከተለወጠ በኋላ የቀድሞው እትም አይከፍተውም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማንም ባለሙያ ነን ባይ እጁን ከማስገባቱ በፊት መጠባበቂያ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የግዕዝ ጽሑፎቻችሁን በተመለከተ ሰባት ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። በቪዥዋል ግዕዝና በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደላት (ፎንቶች) የተጻፈ ደብዳቤ በውስጡ የተመዘገበው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ በግዕዝ የሚያሳየው የፊደሉ መልክ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያ ፎንት ከሌለ የምታዩት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ብዙ ሰው «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ፎንቱን በዊንዶውስ 11 ላይ ብንጭነው ደብዳቤው ይነበባል። ግዕዝ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ስላለ የቀድሞ ጽሑፎቻችሁን ወደ ዩኒኮድ ብትቀይሩ ደግሞ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ይከፈታሉ፤ ቃል ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል። የዓመታት ቃለ ጉባኤና የእድር መዝገብ በእጃችሁ ያለ ሰዎች ለዚህ ሥራ ቅድሚያ እንድትሰጡ ከልብ እንለምናችኋለን።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁም ትጠይቁናላችሁ። የእሱም መደበኛ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2026 የሚያገለግል የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ፤ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል። ኮምፒውተራችሁ «ለ11 አይበቃም» ቢላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። አንዳንድ ጊዜ ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ክፍል ማሽኑ ውስጥ እያለ በባዮሱ ተዘግቶ ነው የሚገኘው፤ አምጡትና ያለ ክፍያ እናያለን።

ለምክር ስትመጡ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙን መጫኛ፣ የፈቃድ ቁጥሩን፣ ማተሚያውን ከነገመዱና ባዶ ውጫዊ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። የሒሳብ ሠራተኛችሁ አብሮ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ይረዳናል፤ ሥራው በየትኛው ገጽ ተጀምሮ በየትኛው እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከዚህ በፊት በእኛ እጅ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ሰባት የተጫነላችሁ ደንበኞች ወደዚህ አሠራር ስትዛወሩ የእጅ ዋጋ አትከፍሉም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነን። ፋይሎቻችሁ ከነግልባጫቸው በፊታችሁ ተከፍተው ሳታዩ ማሽኑን አትረከቡን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ቤታችሁ
ጅማ