የቅዳሜው የጃኬት ልምምድ

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መዋኛ ገንዳው በር ላይ እንገናኝ። የምንለማመደው የሕይወት አድን ጃኬት አጠቃቀም ነው።

በሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞረው የክሊፐር ውድድር፣ ልምድ ያለውንም የሌለውንም ከመነሻው በፊት 4 ደረጃ ሥልጠና ያስወስዳል። እኛ ግን ይቺን ነገር አስቀድመን ብናውቃት ይሻላል። በጭን መሃል የሚያልፈው ቀበቶ ካልጠበቀ፣ ውሃ ውስጥ ስንገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሸራተትና ፊት ይሸፍናል። ባለፈው እኔ ላይ ደርሷል። ልጄ ዳር ቆማ እያየችኝ ነበር፣ ድንጋጤዋ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ሁላችንም እስኪለምድብን እንደጋግመዋለን።

ጃኬታችሁን፣ ከጀልባው ጋር የሚያያይዘንን የደህንነት ገመድ፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ ያዙ። ከውሃ ስንወጣ ዓይናችንን ጨፍነን ገመድ እንቋጥራለን። ባሕር ላይ ሌሊት ይሄው ነው፣ ጣት እንጂ ዓይን አይረዳም።

አንድ የምንወስነው ነገርም አለ። ጀልባ ላይ በፈረቃ እንደሚደረገው፣ ለ4 ሰዓት ነቅቶ ለ4 ሰዓት መተኛትን በየቤታችን አንድ ሌሊት እንሞክረው። ጨቅላ ያሳደግን ሰዎች ነንና አያቅተንም። ዓርብ ይሁን ወይስ እሑድ? ልጆች ትምህርት ስላላቸው እኔ ዓርብን እመርጣለሁ።

ቅዳሜ መምጣት አለመምጣታችሁን እና የመረጣችሁትን ሌሊት እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።